ከእትዬ ለታይ ጋር ቤት የተለዋወጥን ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ገበያ ገብቼ አንድ ሠራተኛ ባዶ የሙዝ ካርቶን ሲደረድር አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። የሙዝ ካርቶን ሙዙ ከወጣለትም በኋላ ይሸታል፤ ሽታው ግማሹ የሙዝ፣ ግማሹ የእርጥብ ወረቀት ነው። በግራና በቀኙ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ክዳኑ እንደ ባርኔጣ ከላይ ይጠለቅለታል። ታችኛው ግን መሐሉ ክፍት ስለሆነ ማንኪያና ሹካ የጫነበት ሰው መንገድ ላይ ያፈስሳል። ያንን ክፍተት በጋዜጣ መድፈን የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው።

ሠራተኛው አንዱን አንሥቶ "ትፈልጋለህ?" አለኝ።

"አይ፣ ዝም ብዬ ነው" አልኩትና ወጣሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው በሰው አገር፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። በገቢ ልክ የሚከራይ፣ የእኛ ሰው "ሃውዚንግ" የሚለው ቤት ነው። ሁለት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመው መሐላቸው ፓርኪንግ ነበረ። እኛ ከመንገዱ ራቅ ያለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሦስት መኝታ ነበረን፤ አንዱ የእማዬ፣ አንዱ የእህቴ የሜሮን፣ ትንሹ የእኔ። ትልቁ ክፍል የሜሮን ነበር። እማዬ "ሴት ልጅ ቦታ ትፈልጋለች" ብላ ነው የሰጠቻት።

ሜሮን በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ነበረች፣ የጫማዬን ክር እንደ እሷ ድርብ አድርጎ የሚያስር ሰው አላየሁም። በርበሬ አትወድም። ፀጉሯን የኮኮናት ዘይት ስለምትቀባ እሷ ያለፈችበት ኮሪደር ለጥቂት ጊዜ ይሸታል። በዚያ በጋ ኮሌጁን ትታ ኦበርን በሚባል ራቅ ያለ ከተማ መጋዘን ሥራ ገባች። ነሐሴ ላይ ደግሞ እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ቤት ልትከራይ እንደሆነ ተናገረች።

"ሳታገቢ ከቤት የምትወጪው ምን ብለሽ ነው?" አለቻት እማዬ። "ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን ሰው ይጨነቅበት።"

"እንግዲያው ሂጂ።"

እማዬ ያንን ያለችው እንድትቀር ነበር። ሜሮን ግን ሁለት ሻንጣ ይዛ ሄደች። አልጋዋ፣ ነጠላ ጫማዋና ሐምራዊ የጥርስ ብሩሿ ቀሩ። ስለ ብሩሹ ብዙ አስቤበታለሁ። የጥርስ ብሩሹን ጥሎ የሄደ ሰው ማታ ይመለሳል ማለት ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ ማታም እንዲሁ አልኩ።

እማዬ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ "ትምህርት በዝቶባት ነው" ትላለች። ቤት ውስጥ ግን የሜሮንን ስም አትጠራም። ትምህርት ቤት የምሄደው ብቻዬን ሆነ፤ የምመለሰውም ብቻዬን። እማዬ ካፒቶል ሂል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ እኔ ከትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት ትሄዳለች፣ ልተኛ ስል ትመጣለች። በዚያ መሐል ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ነው። ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ሲቆም ይበልጥ ይሰማል።

ከትንሽ ጊዜ በኋላ የቤቶቹ ኦፊስ ሠራተኛ መጣች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። እማዬ እንግሊዝኛ አይጠፋትም፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን ግን እኔን ታስተረጉመኛለች። "ጆሮዬ በአማርኛ ይስማው" ትላለች። ስለዚህ የሴትየዋን ወሬ ለእማዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። አሁን ሁለት ስለሆንን አንድ ክፍል ትርፍ አለን አልኳት። ማዶ ሕንፃ ምድር ላይ አምስት ሰው በሁለት መኝታ ተጣቦ እንደሚኖር፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከተስማሙ እዚያው ግቢ ውስጥ ቤት መለዋወጥ እንደሚቻል፣ ካልሆነ ግን ኦፊሱ ኋላ ወዳገኘው ቦታ እንደሚያዛውረን ተናገርኩ።

"ማን ነው ሁለት ናችሁ ያላት?" አለች እማዬ።

ይህን አልተረጎምኩትም። መልሱ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ ክፍሎቹን እየዞረች ስታይ ተከትያት ነበር። የሜሮን ክፍል በር ላይ ቆመች፣ አልጋውን አየች፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ስክሪን ነካ ነካ አደረገች። አልጋው ሜሮን ከሄደች ጀምሮ እንደተነጠፈ ነበር፤ አንድ እጥፋት የለበትም። ያወቀችው ከዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሜሮን ራሷ አድራሻ መቀየሯን ለኦፊሱ እንደተናገረች የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

ሴትየዋ ስትወጣ "ተመልሼ እመጣለሁ" አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራዬን ያዝኩ። እማዬ ሳትነሣ የሜሮን ክፍል እገባና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደርጋለሁ፣ ትራሱ መሐል ላይ በክርኔ እጫናለሁ። አንሶላውን ሙሉ በሙሉ ማበላሸት ልክ እንዳልሆነ አስቤ ነበር፤ ሜሮን ስትተኛ አትገላበጥም። ነጠላ ጫማዋን ከመታጠቢያው በር ፊት አስቀምጣለሁ፣ አፍንጫው ወደ ውጭ፣ አሁን የወጣ ሰው እንዳወለቀው። ብሩሹን ጠዋትም፣ ከትምህርት ቤት ስመለስም ውሃ አስነክቼ ጠብታው እንዲታይ ሳላራግፍ እመልሰዋለሁ። ሴትየዋ በማንኛውም ሰዓት ብትመጣ ሦስት ሆነን ታገኘናለች።

እማዬ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ግን ተለወጠች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍሪጅ ውስጥ በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን አገኘሁ። ከዚያ በፊት ድስቱን ነበር የምትተውልኝ፤ ራሴ ጨልፌ አሞቃለሁ። ይኸኛው ተሰናድቶ የተቀመጠ ነው፤ ፓስታ በስጎ፣ በርበሬ የሌለው፣ ዳር ላይ የሎሚ ቁራጭ። ለእኔ መሰለኝ። በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩ፣ ሰቀልኩት። በማግስቱም ሌላ ነበረ። ሽንት ቤት ደግሞ ሜሮን የምትወደው ሻምፑ አዲስ ተገዝቶ ተቀመጠ። እማዬ ማታ ስትመጣ መጀመሪያ የሳህን መደርደሪያውን ታያለች፣ ከዚያ መታጠቢያ ክፍል ትገባለች፣ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። አንድ ምሽት ካልሲ እያጣጠፈች ስታንጎራጉር ሰማኋት።

እኔና እማዬ ሳንነጋገር የተስማማን መሰለኝ። እሷም ከእኔ ጋር ሆና ኦፊሱን እያታለለች ነው ብዬ ነበር። በዚያ ወቅት ከሰው ጋር የነበርኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ ማንም ሳይኖር ሳህን ስከፍት።

ጋሽ ዘለቀን በዚህ ጊዜ ነው በቅርብ ያወቅኋቸው። በግቢው ውስጥ አንዱ ከአንዱ ሲጣላም፣ ሲዛወርም፣ ሲታመምም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሚኒባስ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ሰደርያቸውን እቤትም አያወልቁም። የኦፊሷ ሴትዮ ቤት የሚለዋወጡትን ሰዎች ቀንና ተራ እንዲያስተካክሉ የነገረቻቸው እሳቸውን ነው። አንድ ከሰዓት፣ እማዬ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ መጥተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ አዳምጣለሁ።

"ቤት ማለት ሚኒባስ ነው ልጄ" አሉ። "አንዱ ካልወረደ ሌላው አይገባም።"

"እኔ መቼ ወራጅ አለ አልኩ ጋሼ?"

"አንቺማ አላልሽም። ያለችው ልጅሽ ናት።"

ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይቅርታ፣ አፌ ነው" አሉ።

"ልጄ የትም አልሄደችም" አለች እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቀን ቀን ትመጣለች። እኔ ሥራ ስወጣ ጠብቃ ትገባለች። አኩርፋ ነው እንጂ ቤቷን አልተወችም። ታርፋለች፣ ትበላለች፣ ሳህኗን አጥባ ትሄዳለች። ክፍሏን ለሰው ሰጥቼ ብትመጣ ምን ልበላት?"

"በዓይንሽ አይተሻታል?"

"ብሩሿ እርጥብ ነው ስልዎት!"

ኮሪደር ውስጥ ሆኜ በእማዬ ኮራሁ። እንዲህ አሳምራ መዋሸት እንደምትችል አላውቅም ነበር።

ቤታችንን የሚፈልጉት እትዬ ለታይና ባሏ ነበሩ። እትዬ ለታይ ወላጆቿ ከአሥመራ ናቸው፣ እሷ ግን ያደገችው አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ነው፤ ስትናደድ ትግርኛ፣ ስትቀልድ አማርኛ ትናገራለች። ባሏ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ሁለት ሴቶች ልጆችና ሳሚ የሚባል ወንድ ልጅ አሏቸው። ሳሚ ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ይል ነበር። እሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው። አንድ ቀን የቤት ሥራውን የት እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

"ባዝተቡ ውስጥ" አለ፤ የመታጠቢያ ገንዳውን ማለቱ ነው። "ትራስ አድርጌበት። ሶ ማንም አይረብሸኝም። ሻወር ሚፈልግ ሰው ካልመጣ።"

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። በዚያው ሰሞን እትዬ ለታይ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች። በር ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ እማዬ ወገብ አወሩ። እትዬ ለታይ ወደ ውስጥ፣ ወደ ክፍሎቹ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከተችም፤ ዓይኗን እማዬ ፊት ላይ ተክላ ቆየች፣ ከዚያ "በይ ደህና ዋዪ የናቲ እናት" ብላ፣ እንደ ልማዷ በእኔ ስም ጠርታት፣ ወረደች። ስለ ቤቱ ቃል አልተነፈሰችም።

እማዬ በሩን ዘግታ እዚያው ተደግፋ ቆመች። "ብትለምነኝ እምቢ እላት ነበር" አለች። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። "ምነው ብትለምነኝ!"

ማታውኑ ጋሽ ዘለቀ ጋ ደወለች። "እሺ በሏቸው" አለች። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በስፒከር ሜሮን ጋ ደወለች፤ ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

"ቅዳሜ ቤት ልንቀይር ነው። እዚያው ማዶ ነው። በሩን እንድታውቂው ብዬ ነው።"

ከሜሮን በስተጀርባ የማሽን ድምፅ ይሰማል። "ኦኬ እማዬ። እመጣለሁ። ከሥራ እንደወጣሁ።"

"ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ አልኩ እኮ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ኮል አደርጋለሁ።"

አልደወለችም። እማዬ ግን ደስተኛ ነበረች። ለእኔ ነገሩ ሁሉ ጨለመ። በየጠዋቱ የማሰናዳው ክፍል ለሰው ሊሰጥ ነው። አልጋው ማዶ ቤት መቆሚያ የለውም። ሁለት መኝታ ማለት የእማዬና የእኔ ማለት ነው፤ ይህን ማስላት አያቅተኝም። ሜሮን ቅዳሜ መጥታ ባዶውን ክፍል ካየች ለዘላለም እንደማትመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። ብቸኛው ተስፋዬ ከመልቀቃችን በፊት ደርሳ "ቆይ፣ እኔም አለሁ" እንድትል ነበር። ያን ካለች ሦስት እንሆናለን፤ ሴትየዋም ስክሪኗን ነካ ነካ አድርጋ ታስተካክለዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ ፓርኪንጉ መሐል ቆሙ። ጎረቤት ወንዶች ተሰብስበዋል፣ የሙዝ ካርቶን ተቆልሏል። የጋሽ ዘለቀ ዘዴ ቀላል ነበር። መጀመሪያ የእኛ ዕቃ ወጥቶ ከደረጃው ሥር ካለው ጣሪያ ስር ይቀመጣል። ከዚያ የእነ እትዬ ለታይ ዕቃ ወደ ላይ ይገባል። ማዶ ባዶ ሲሆን የእኛ ይሻገራል። የኦፊሷ ሴትዮ ከሰዓት መጥታ ቁልፍ ታቀባብላለች።

"ተራ ነው!" አሉ። "ማንም ማንንም አይቀድምም፣ ማንም ከማንም አይዘገይም።"

የእኛ ዕቃ ወጣ። የሜሮንን ነገሮች ያሸግኋቸው ራሴ ነኝ፤ ለማንም አልሰጠሁም። ከዚያ እትዬ ለታይ ፍራሽ በራሷ ላይ አድርጋ ከደረጃው ግርጌ ደረሰችና ቆመች።

"ግቢ እንጂ!" አለች እማዬ ከላይ።

"ኧረ በማርያም አልገባም። እናንተ ቤት ሳትይዙ እኛ ብንገባ ገፍተን ያስወጣናችሁ ይመስላል። መጀመሪያ እናንተ ግቡ።"

"የናንተ ዕቃ እኮ ገና አልወጣም፤ የት ነው የምንገባው?"

"ይወጣላ! አሁኑኑ ይወጣል።"

"ሦስት ልጅ ይዘሽ ውጭ ልትቆሚ?"

"አንቺስ ልጅ አልያዝሽም?"

"የኔ አንድ ነው" አለች እማዬ። ወዲያው "እዚህ ያለው ማለቴ ነው" አለች።

እትዬ ለታይ ፍራሹን አስፋልቱ ላይ ጣለችና ባሏን ተጣራች። ባሏ የሚስቱን ፊት አይቶ ክርክር አላነሣም፤ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ ቤታቸውን ባዶ ማድረግ ጀመረ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሁለቱም ቤት ባዶ ሆነ። የሁለት ቤተሰብ ዕቃ በሙሉ ፓርኪንጉ ላይ ተሰለፈ፣ እማዬ "እናንተ ቅደሙ" ትላለች፣ እትዬ ለታይ "በፍጹም" ትላለች፣ ሁለቱም በየበራቸው ቆመው የሚገባ የለም። ካፊያ ጀመረ።

"ኧረ በሥላሴ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ሰደርያቸው እየረጠበ። "ታክሲ ቢሆን እኮ ተጋፍታችሁ፣ እግር ረግጣችሁ ነበር የምትገቡት! ቤት ሲሆን ነው ጨዋነት የያዛችሁ?"

"አንተ ደግሞ ግቢ በላት፣ ወንድ አይደለህ?" አሉ ወደ እትዬ ለታይ ባል ዞረው።

"ጋሼ፣ እኔ ሹፌር ነኝ" አለ። "ውጣና ግባ የምትለው እሷ ናት።"

ሰዎቹ ሳቁ። ሁለቱ ሶፋዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሚ የእኛ ላይ፣ እኔ የእነሱ ላይ ተቀምጠናል። የሜሮንን ካርቶን ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ካርቶኑ ረጥቦ መሽተት ጀምሯል።

"የኔ ክፍል የቱ ነው?" አለ ሳሚ።

"ትንሹ።"

"ትልቁስ?"

"የሜሮን ነው።"

"ሙቭ አውት አድርጋ የለ እንዴ?"

"አላደረገችም" አልኩት።

ያን ጊዜ አንዲት መኪና መጥታ መግቢያው ላይ ቆመች፤ ሜሮን ወረደች። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች። ወደ እኔ መጥታ ካርቶኑን ሳላስቀምጥ አቀፈችኝ፤ ኮኮናት ይሸተኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ የሸተተኝ ግን የመጋዘን አቧራና ቴፕ ነው።

እማዬ በደረጃው በፍጥነት ወረደች። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ልጇን ትናንት እንዳየች እናት።

"መጣሽ? ትናንት ያስቀመጥኩልሽ በቃሽ?"

"የቱ?"

"ፓስታው። ሎሚውን ትተሽዋል።"

ሎሚውን የተውኩት እኔ ነበርኩ።

ሜሮን ሰዎቹን አየች፣ እማዬን አየች። "እማዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ እኮ ከወጣሁ ወዲህ መጥቼ አላውቅም።"

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ሁሉም ሰማ። አንዱ ጎረቤት የያዘውን ወንበር ድምፅ ሳያሰማ መሬት አስነካ። እማዬ ሜሮንን ትታ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ቁጣዋን አውቀዋለሁ። እንደማታውቀኝ ሰው ቀስ ብላ ከእግሬ ጀምራ አየችኝ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ ያለውን ካርቶን፣ ከዚያ ክዳኑ ያልሸፈነውን የነጠላ ጫማ ጫፍ። በዚያች ደቂቃ ነው፣ በሰው ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ እማዬ ለጋሽ ዘለቀ ስትናገር እንዳልዋሸች የገባኝ። ኦፊሱን ሳታልል የኖርኩት ብቻዬን ነበር። እሷም ብቻዋን ነበረች፤ በየቀኑ ሳህን እየከደነች።

አንድ ሰው መናገር ነበረበት። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ሶፋው እየራሰ ነው! ወሬ ቢርስ ይደርቃል፤ ሶፋ አይደርቅም! አንሡ!"

ማንም ከመነሣቱ በፊት እማዬ አስፋልቱን አቋርጣ የእነ እትዬ ለታይን ፍራሽ አንድ ጫፍ ያዘች።

"ነይ ያዢ" አለቻት እትዬ ለታይን።

"የናቲ እናት፣ እኔ..."

"ትልቁን ክፍል ለሴቶቹ አድርጊላቸው። ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። መስኮቱ ከታች ገፋ ካላደረጉት አይከፈትም።"

"ኧረ እናንተ ቅደሙ..."

"ባዶ ነው አልኩሽ ለታይ። ግቢ።"

እትዬ ለታይ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ፍራሹን መሐላቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ፣ እማዬ ወደ ኋላ እየሄደች፣ ፊቷ ወደ ታች፣ ወደ ሁላችንም። ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ሜሮን ከሁሉም ሰው በላይ ተሸከመች፤ ካርቶን አነሣሧ እንደ ድሮው አልነበረም፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ሳታጎብጥ፣ ሥራዬ ብሎ እንደለመደው ሰው ነበር። የኦፊሷ ሴትዮ መጥታ ሁለቱን ባዶ የነበሩ ቤቶች ሙሉ ሆነው ስታገኝ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች፣ ቁልፍ አቀባበለችና ሄደች። ሜሮንን አየቻት። ሜሮንም ሰላም አለቻት። "እኔም አለሁ" ያለ ሰው የለም።

የእኛ አዲሱ ቤት ምድር ላይ ስለሆነ ውስጡ ቶሎ ይጨልማል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሦስታችን ካርቶኖች መሐል ቀረን። የእትዬ ለታይ ቤት ሽታ ገና አልወጣም፣ የእርድና የሕፃን ሳሙና ሽታ። ሜሮን ጎንበስ ብላ የሻይ ብርጭቆ የያዘውን ካርቶን መፈለግ ጀመረች።

"ተይው" አለቻት እማዬ። "ተቀመጪ፣ ደክሞሻል።"

ሜሮን እጇ ካርቶን ላይ እንዳለ ቀና አለች። በዕድሜዬ እማዬ ለሜሮን "ተቀመጪ" ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የምትላት "ተነሺ" ነው። እማዬ ራሷ ብርጭቆ አወጣች፣ አጥባ፣ በፎጣ ወልውላ፣ ውሃ ሞልታ በሁለት እጅ ሰጠቻት። ሜሮንም በሁለት እጅ ተቀበለች። ውጭ ያመጣቻት ጓደኛዋ መኪናውን አስነሥታ ስትጠብቅ ይሰማል።

ሜሮን ውሃውን ጠጥታ ተነሣች፣ ዙሪያዋን አየች።

"ሽንት ቤቱ በየት ነው?" አለች።

እማዬ ዞራ ወደ ኩሽናው ግድግዳ ተመለከተች።

"እኔ አሳይሻለሁ" አልኳት። ፊት ፊቷ ወደ ኮሪደሩ ገባሁ። የመብራቱን ማብሪያ ግድግዳውን እየዳበስኩ ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም። የመጀመሪያውን በር ከፈትኩ፤ ባዶ ቁም ሳጥን ነበረ፣ አንድ የሽቦ ማንጠልጠያ ብቻ ያለበት። ዘጋሁት። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ የእኔ ሊሆን ያለው ክፍል ነው፣ አልጋዬ ገና አልተገጣጠመም። ሜሮን ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች። ሦስተኛው እሱ ነበር።

"አመሰግናለሁ ናቲ" አለችኝና ገባች።

የውሃውን ድምፅ እያዳመጥኩ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ። ኮሪደሩ አጭር ነበር፣ ማንም አይጠፋበትም። ቢሆንም ጨለማ ስለነበረ፣ ስትወጣ ወደ ሳሎን የሚወስደው በየት እንደሆነ እንዳትቸገር፣ ግድግዳውን ተደግፌ ጠበቅኋት።